በአዲስ አበባ ዳርቻ የዱር ወፎችን ለመቁጠር የትኛው ዘዴ ይመረጥ?

በአዲስ አበባ ዙሪያ የዱር ወፎችን ብዛት ለመከታተል የሚነሣ የተማሪዎች ክበብ፣ የመመረቂያ ጥናት የሚሠራ ተማሪ ወይም የወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መሣሪያ ነው፤ የትኛው ባይኖኩላር፣ የትኛው የስልክ መተግበሪያ፣ የትኛው የድምፅ መቅጃ ይሻላል ይላል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ ስለ የትኛው ወፍና ስለ የትኛው ቦታ ምን ለማለት እንፈልጋለን? በገፈርሳ የውሃ ወፎች እየቀነሱ ነው ወይስ እየጨመሩ የሚለውና በእንጦጦ ደን በአንድ ሄክታር ስንት ወፍ ይገኛል የሚለው በአንድ ዘዴ የሚመለሱ ጥያቄዎች አይደሉም፤ በሱሉልታ ሜዳ አንዲት ዝርያ ዛሬም አለች ወይስ ጠፍታለች የሚለው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ዘዴውን የሚወስነው ጥያቄው ነው፤ ጥያቄው ከተለየ በኋላ ደግሞ ከሚያዋጡት ዘዴዎች መካከል ሌላ ሰው፣ በሌላ ዓመት፣ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ያለ ለውጥ ሊደግመው የሚችለውን መምረጥ እንደሚገባ አጥብቄ አምናለሁ።

ለመደጋገም ለምን ይህን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው የሕንድ አሞራዎች ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በዚያ አገር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት በመኪና እየተጓዙ ከመንገድ ዳር የሚታዩ ጥንብ አንሳዎችን ቆጥረው ነበር። በ2000 ያው ቆጠራ በተመሳሳይ መንገድ ሲደገም ከ90 በመቶ በላይ ማሽቆልቆል ታየ፤ በ2004 ደግሞ ለከብት ሕክምና የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለው መድኃኒት በበድኑ በኩል አሞራዎቹን እንደሚገድል ታወቀ። የመጀመሪያው ቆጠራ የተራቀቀ አልነበረም፤ መንገዱና አቆጣጠሩ በወረቀት በመስፈሩ ብቻ ከዓመታት በኋላ ሊደገም ቻለ። ዛሬ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ የምናያቸው ሁድድ ቫልቸር የሚባሉት ትንንሽ ጥንብ አንሳዎችም በዓለም አቀፍ ደረጃ እጅግ አስጊ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች የተመደቡ በመሆናቸው፣ በቄራና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ ከአንድ ቋሚ ቦታ፣ በቋሚ ሰዓት የሚደረግ ቀላል ቆጠራ ትልቅ ዋጋ አለው።

የውሃ ወፎች፤ ሁሉንም መቁጠር ወይስ ናሙና መውሰድ?

ከመሀል ከተማ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ለጀማሪ ቡድን ከሁሉ የተሻለ ቦታ ይመስለኛል። ውሃው ገላጣ ነው፣ ዳርቻው ሣር ነው፣ ወፎቹም በአብዛኛው ይታያሉ። በዚህ ዓይነት ቦታ የናሙና ስሌት ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ከተወሰኑ የመመልከቻ ቦታዎች ሆኖ ያለውን ሁሉ መቁጠር ይቻላል። በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኘው ጋጋኖ፣ በሣሩ ላይ የምትሮጠው ደረተ ነጠብጣብ የረግረግ ወፍ በዚህ ሲታዩ፣ በበጋ ወራት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች ይጨመሩባቸዋል።

የዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ ሲሆን የሚያስተባብረውም ዌትላንድስ ኢንተርናሽናል ነው። ዋናው ቆጠራ የሚካሄደው በፈረንጆቹ ጥር አጋማሽ በመሆኑ በእኛ አቆጣጠር ከጥር መጀመሪያ ሳምንታት ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ቀኑን ሲመርጡ ከከተራና ከጥምቀት ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ማለት ወይም ጥቂት ቆይቶ መውጣት ይሻላል፤ በበዓሉ ሰሞን ሕዝብ ወደ ውሃ ዳር ስለሚወጣ ወፎቹ ቦታ ይለውጣሉ፣ ለቆጣሪዎችም መጓጓዣ ይቸግራል። ወሳኙ ግን የተመረጠው ሳምንት በየዓመቱ ያው እንዲሆን ነው፤ አንድ ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በሌላው ዓመት በየካቲት የተቆጠረ ኩሬ የወፎቹን ሳይሆን የቀኑን ልዩነት ነው የሚያሳየው።

አቆጣጠሩን በቅርብ እንየው። ባለሦስት እግር ቴሌስኮፕ ተተክሎ ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ይዞራል። በውሃው ላይ ጥቁር አካልና ነጭ ግንባር ያላቸው ኩት የተባሉት ወፎች ተሰባስበው ከሆነ በመጀመሪያ አሥሩ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ አሥሩ በመነጽሩ ክብ ውስጥ የያዙት ስፋት በዓይን ከተለካ በኋላ ያ ስፋት በመንጋው ላይ እየተገለበጠ 10፣ 20፣ 30 እየተባለ ይኬዳል። መንጋው መሀል ላይ ጠቅጠቅ፣ ዳር ላይ ሳሳ ስለሚል ለሁለቱ አንድ ዓይነት መለኪያ መጠቀም ስሕተት ነው፤ ለሳሳው ክፍል እንደገና አሥር ተቆጥሮ አዲስ ስፋት ይያዛል። ኩቶችም ሆኑ ትንንሾቹ ጠላቂ ወፎች ውሃ ውስጥ ገብተው ስለሚሰወሩ ቴሌስኮፑ ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳል፤ በሁለቱ ዙሮች መካከል የጎላ ልዩነት ከታየ ሦስተኛ ዙር ይደረጋል። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል። ሁለቱ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ሲወድቅ ዓይን ከመነጽሩ በተነሣ ቁጥር መንጋው የት ላይ እንደቀረ ይጠፋል።

የቆጠራው ድክመት በሌላ በኩል ነው። የአንድ ኩሬ ቁጥር ሊወርድ የሚችለው ወፎቹ ሞተው ሳይሆን በዚያ ዓመት ሌላ ኩሬ የተሻለ ውሃ ስለያዘ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ከገፈርሳ ብቻ ይልቅ ገፈርሳን፣ ለገዳዲንና አባ ሳሙኤልን በአንድ ቀን፣ ቢያንስ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚቆጥሩ ሦስት ትንንሽ ቡድኖች ማደራጀት አንድ ትልቅ ቡድን ከማሰማራት ይመረጣል።

በአቃቂና በአባ ሳሙኤል ረግረግ ዙሪያ ከሰሜን የሚመጡት ክሬኖች የተለየ ውሳኔ ይጠይቃሉ። እነዚህ ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎች ቀን ቀን የጤፍና የስንዴ ቃርሚያ በቀረበት፣ ሽምብራና ጓያ በተዘራበት የኮትቻ መሬት ላይ ተበታትነው ይውላሉ፤ ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ለማደር ይሰባሰባሉ። ቀን በማሳ መሀል እየዞሩ መቁጠር አንዱን መንጋ ሁለት ጊዜ የመቁጠር፣ ሌላውን ጨርሶ የማጣት አደጋ ስላለው ማታ ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ መቁጠር ይሻላል። ቆጣሪዎች ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በተለያየ አቅጣጫ ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ በድርሻው በኩል የሚገባውን እያንዳንዱን መንጋ ከነደቂቃው ይጽፋል፤ በኋላ ሰዓቱ ሲመሳከር የተደረበ መንጋ ካለ ይለያል።

ደን፤ ነጥብ ላይ መቆም ወይስ በመስመር መሄድ?

ወደ እንጦጦና ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሲወጡ ነገሩ ይለወጣል። በደን ውስጥ ከሚታየው ይልቅ የሚሰማው ይበዛል፣ ሁሉንም መቁጠርም አይቻልም። ምርጫው በሁለት ዘዴዎች መካከል ይሆናል። በነጥብ ቆጠራ ቆጣሪው በካርታ በተወሰነ ቦታ ላይ ይቆምና ለተወሰነ ደቂቃ ያየውንና የሰማውን ይመዘግባል። በመስመር ቆጠራ ደግሞ በተወሰነ ጎዳና ላይ ቀስ ብሎ እየተራመደ በግራና በቀኝ ያለውን ይጽፋል።

ለገደላማና ጥቅጥቅ ላለ ደን የነጥብ ቆጠራን እመርጣለሁ። በዳገት ላይ ቁልቁል የሚሄድ ሰው ዓይኑ እግሩ ላይ ነው፤ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል በእግር ሲረገጥ የሚያሰማው ኮሽታም ስስ ድምፅ ያላቸውን ወፎች ይሸፍናል። ቆሞ የሚያዳምጥ ግን ሙሉ ትኩረቱ ለወፉ ነው። ነጥቦቹ እርስ በርሳቸው ቢያንስ 200 ሜትር ቢራራቁ አንዱን ወፍ ከሁለት ነጥብ የመቁጠር ዕድል ይቀንሳል። አንድ ነጥብ ላይ ስምንት ደቂቃ፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ ለመሄድና ድምፅ እስኪረጋጋ ለመጠበቅ ሰባት ደቂቃ ቢያዝ አሥር ነጥብ በሁለት ሰዓት ተኩል ያልቃል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል የተነሣ ቡድን ዝማሬው ከመቀዝቀዙ በፊት በ3 ሰዓት ይጨርሳል። በእንጦጦ ጨለማ ሳይገፈፍ ብቻን መጓዝ በጅብም ሆነ በሌላ ምክንያት የሚመከር አይደለም፤ ሁለት ሆኖ መውጣት ይገባል።

የነጥብ ቆጠራ ግን ርቀት ግምት ላይ ከመስመር ቆጠራ ይበልጥ ስስ ነው፤ ይህን ብዙ ጀማሪ አያስተውለውም። 50 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ስፋቱ 0.79 ሄክታር ያህል ነው፤ ራዲየሱ 100 ሜትር ሲሆን ስፋቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ማለትም 3.14 ሄክታር ይሆናል። 40 ሜትር ላይ የጮኸችውን ወፍ 50 ሜትር ላይ ናት ብሎ የሚገምት ሰው በመስመር ቆጠራ ስፋቱን በ25 በመቶ ያጋንናል፤ በነጥብ ቆጠራ ግን በ56 በመቶ። በዚህ ምክንያት የነጥብ ቆጠራ የሚመርጥ ቡድን ከመጀመሩ በፊት ርቀት መገመትን መለማመድ አለበት፤ አንዱ ሰው ዛፍ ጀርባ ተደብቆ የተቀዳ ድምፅ ያሰማል፣ ሌሎቹ ይገምታሉ፣ ከዚያ በሜትር ይለካል። ልምምዱ ጥቂት ጧቶችን ይወስዳል፤ ሳይደረግ የተሰበሰበ የጥግግት ቁጥር (በአንድ ሄክታር ስንት ወፍ እንዳለ የሚያሳየው) ግን እምነት ሊጣልበት አይገባም።

ርቀት የሚመዘገበውም ያለ ምክንያት አይደለም። በባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ ከሥር ቁጥቋጦ ስለሚያንስ አርቆ ማየት ይቻላል፤ የሀበሻ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ በተቀላቀሉበት የተፈጥሮ ደን ውስጥ ግን በሃያ ሜትር ላይ ያለች ወፍ ልትሰወር ትችላለች። ሁለቱን በጥሬ ቁጥር ብቻ ያወዳደረ ሰው ባሕር ዛፉ ብዙ ወፍ አለው ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ልዩነቱ ግን የወፎቹ ሳይሆን የዓይን መድረሻ ሊሆን ይችላል። ርቀት ከተመዘገበ ስንቱ እንዳልታየ በስሌት ማስተካከል ይቻላል። ይህ ስሌት አስተማማኝ እንዲሆን ለአንድ ዝርያ በመስመር ቆጠራ ከ60 እስከ 80፣ በነጥብ ቆጠራ ደግሞ ከ75 እስከ 100 የሚደርስ ምዝገባ ያስፈልጋል ተብሎ ይመከራል። ስለዚህ በአንድ ወቅት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚገኙ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ለቢጫ ግንባሩ በቀቀን፣ የጥግግት ቁጥር አወጣለሁ ብሎ ቃል መግባት አይገባም፤ ለእነሱ በስንት ነጥቦች ላይ ተገኙ የሚለው መልስ በቂና ሐቀኛ ነው።

በደጋ ጧት ጋጋኖዎች እየጮኹ በሰማይ ሲያልፉ ቆጣሪው መጻፉ አይቀርም። በክቡ ውስጥ ካረፉት ጋር ግን አይደመሩም፤ «በራሪ» በሚል የተለየ ዓምድ ይያዝላቸዋል። ቁራና ጭልፊትም እንዲሁ።

ገላጣ ሜዳ፤ እዚህ መስመሩ ያሸንፋል

ከእንጦጦ ባሻገር ያለው የሱሉልታ ሜዳ ለነጥብ ቆጠራ አይመችም። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሣር ውስጥ ተጋድማ የምትቀመጠውን ወፍ አያያትም፤ ተራምዶ ሲቀርባት ነው የምትነሣው። በኢትዮጵያ ደጋ ሣር መሬት ብቻ የምትኖረው፣ ቢጫ ጉሮሮዋን ጥቁር ጥምጥም የዞረባት ረጅም ጥፍር የሣር ወፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። አንድ ኪሎ ሜትር መስመር ላይ በግራና በቀኝ እስከ 100 ሜትር የሚመዘግብ ሰው 20 ሄክታር ይሸፍናል፤ በ100 ሜትር ራዲየስ የነጥብ ቆጠራ ያንን ለማግኘት ከስድስት ነጥብ በላይ ያስፈልግ ነበር።

ከባዶ ንድፍ ማውጣት ለከበደው ቡድን ከብሪታንያ የሚወሰድ ቀላል አሠራር አለ። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሚካሄደው የመራቢያ ወቅት ቆጠራ በጎ ፈቃደኞች አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በሆነ ካሬ ውስጥ ሁለት ትይዩ መስመሮችን በዓመት ሁለት ጊዜ ይጓዛሉ፤ ርቀትንም በሜትር ሳይሆን በሦስት ክፍል፣ እስከ 25 ሜትር፣ ከ25 እስከ 100 ሜትርና ከ100 ሜትር በላይ እያሉ ይመዘግባሉ። ሦስት ክፍል ለመለየት የተራቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በደንብ የተለማመደ ዓይን ይበቃል። ለሱሉልታ የሚያስፈልገው ማሻሻያ ወቅቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ውሃ ስለሚተኛበት የተወሰኑ መስመሮችን መጨረስ ያስቸግራል፤ አንዱን ጉብኝት በጥቅምት መጨረሻ፣ ሌላውን በግንቦት ማድረግ ይቻላል። ሁለቱ ወራት በየዓመቱ አይለወጡ።

መረብና ቀለበት

ወፍን ይዞ (ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በስስ መረብ) እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ማሰር ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን እ.ኤ.አ. በ1899 ከጀመሩት ወዲህ ስለ ወፎች ዕድሜና ጉዞ ብዙ ያስተማረ ዘዴ ነው። ስንቱ ከዓመት ዓመት በሕይወት ይሻገራል፣ ስንቱ ጫጩት አድጎ ይቀላቀላል ለሚል ጥያቄ ተተኪ የለውም። ብዛትን ለመከታተል ብቻ ከሆነ ግን ለአዲስ ቡድን አልመክረውም። መረቡ የሚይዘው ዝቅ ብለው የሚበሩትን ስለሆነ የዛፍ ጫፍ ወፎች አይገኙበትም፤ በ2600 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ባለው ብርድ መረብ ላይ የቆየች ትንሽ ወፍ ልትሞት ስለምትችል ያለማቋረጥ መፈተሽ አለበት፤ ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድና በሙያው የሠለጠነ ሰው ሳይኖር መጀመርም አይቻልም። ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር መሥራት የሚችል ተማሪ ቢማረው መልካም ነው፤ ያልቻለ ወደ ነጥብ ቆጠራ ይሂድ።

የድምፅ መቅጃና ወጥመድ ካሜራ

በአሁኑ ጊዜ ተማሪዎችን አብዝቶ የሚስበው የድምፅ መቅጃ ነው፤ መሳቡም አለምክንያት አይደለም። ኦዲዮሞዝን የመሰሉ የእጅ መዳፍ የማይሞሉ መቅጃዎች በተያዘላቸው ሰዓት ራሳቸው ተከፍተው ይቀዳሉ፤ የተቀዳውም ይቀመጣል፣ ከዓመታት በኋላ የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው እንደገና ሊሰማው ይችላል። ይህ በቆጣሪ ማስታወሻ ላይ የሌለ ትልቅ ብልጫ ነው። ለጉጉትና ሌሊት ለሚጮኹ ሌሎች ወፎች፣ እንዲሁም ሰው ሲቀርብ ለሚሰወሩ የረግረግ ወፎች ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ነው እላለሁ።

የዚህን ጥቅም ለማየት ከሆለታ ባሻገር ወዳለው የበርጋ ረግረግ ማሰብ ይበቃል። በዓለም ላይ እጅግ አስጊ ደረጃ ላይ ካሉት አንዷ የሆነችው፣ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል በመባል የምትታወቀው ትንሽ የረግረግ ወፍ በክረምት የምትራባው በዚህ ነው፤ ቀደም ባለው ዘመን በሱሉልታም ተመዝግባ ነበር። ሰዎች ተሰልፈው ሣሩን እየረገጡ እንድትነሣ ማድረግ የቆየው የመፈለጊያ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ጎጆና እንቁላል የመርገጥ አደጋ አለው። በደቡብ አፍሪካ ሚድልፑንት በተባለው ረግረግ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህች ወፍ እንደምትራባ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ በሚያነሣ ወጥመድ ካሜራ ነው፤ ለረጅም ጊዜ አከራካሪ የነበረው ጩኸቷም ከዚያ ወዲህ በተቀዳ ድምፅ ሊለይ ችሏል። እንዲህ ላለች ወፍ መሣሪያው ከሰው እግር ይሻላል፤ ለመብረር የምትገደድበትን ቆጠራ በመራቢያዋ ወር ማካሄድ የለብንም።

መቅጃ የመረጠ ቡድን ግን ሦስት ነገር አስቀድሞ ያስላ። አንደኛው የማስቀመጫ መጠን ነው፤ በ48 ኪሎኸርዝ የሚቀዳ መሣሪያ በሰዓት 346 ሜጋባይት ገደማ ይሞላል፣ በቀን አራት ሰዓት ቢቀዳ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ 23 ቀን ያህል ይበቃዋል። ሁለተኛው የአድማጭ ጊዜ ነው፤ በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲና በጀርመኑ የኬምኒትዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው በርድኔት የተባለው ፕሮግራም ድምፁን ከዝርያ ጋር ያዛምዳል፤ ይሁን እንጂ ለኢትዮጵያ ብርቅዬ ወፎች የተሰበሰበው የድምፅ ናሙና ለአውሮፓ ወፎች ከተሰበሰበው ያነሰ ስለሆነ ውጤቱን ሰው በጆሮው ሳያረጋግጥ መቀበል አይገባም። ሦስተኛው የከተማ ዳርቻ የራሱ ችግር ነው። የወፎች ዝማሬ የሚደምቀው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴና የመስጊድ አዛን በድምፅ ማጉያ የሚሰማውም በዚያው ሰዓት ነው። መቅጃው ከደብር ወይም ከመስጊድ ሸንተረር በሚጋርደው ቦታ ላይ ካልተቀመጠ ምርጡ ሰዓት ይባክናል። የእረኛ መንገድ ላይ የታሰረ መሣሪያ ደግሞ አንድ ሳምንት መቆየቱ ያጠራጥራል፤ እረኞቹን አግኝቶ ምን እንደሆነ ማስረዳት፣ ሲቻልም እንዲጠብቁት መክፈል ከመደበቅ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ መቅጃ ስንት ጊዜ እንደተጮኸ እንጂ ስንት ወፍ እንደጮኸ በቀላሉ አይናገርም። አንዲት ወፍ ሃምሳ ጊዜ ልትጮኽ ትችላለች። ስለዚህ አለች ወይስ የለችም፣ መቼ መጣች፣ መቼ ሄደች ለሚለው ጥያቄ መቅጃ፣ ስንት ናቸው ለሚለው ግን ሰው ይመረጥ።

በስልክ የሚሞላ ዝርዝር

ቋሚ መስመር ለመያዝ ጊዜ የሌለው፣ ግን በየሳምንቱ በየሄደበት ወፍ የሚያይ ሰው ኢበርድ የተባለውን የወፍ ዝርዝር መመዝገቢያ ይጠቀም። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ይህ ሥርዓት ከተራ ማስታወሻ የሚለየው የታየውን ወፍ ብቻ ሳይሆን የተሄደበትን ሰዓትና ርቀት ስለሚጠይቅ ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው «የለየሁትን ሁሉ አስገብቻለሁ» ተብሎ የተሞላ ሙሉ ዝርዝር ነው፤ ምክንያቱም ያልተጻፈው ወፍ አልታየም ማለት ይሆናል። ብርቅዬዋን ብቻ መርጦ የሚያስገባ ሰው ያለ ክፋት መረጃውን ያዛባል፤ በእያንዳንዱ ደብር ጣሪያ ላይ የሚቀመጡት ነጭ አንገት ርግቦችም መጻፍ አለባቸው። እነዚህ ርግቦች የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ወፎች ናቸው፤ ከዕለታት አንድ ቀን ቢቀንሱ ማንም የቀድሞ ብዛታቸውን ሊናገር የማይችለው ብዙ ናቸው ብሎ የጻፋቸው ስለማይኖር ነው።

ሰፋ ያለ አካባቢ መሸፈን ለሚፈልግ የአትላስ ዘዴ አለ። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው፣ በኋላም ኬንያና ናይጄሪያ የተከተሉት አሠራር አገሩን አምስት ደቂቃ ኬክሮስ በአምስት ደቂቃ ኬንትሮስ በሆኑ ካሬዎች ይከፍላል፤ በአዲስ አበባ አካባቢ የአንዱ ጎን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቆጣሪው በአንድ ካሬ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት በትጋት ይፈልጋል፤ ዝርዝሩን እስከ አምስት ቀን ድረስ መሙላት ይችላል። ይህ ዘዴ ወፍ አይቆጥርም፤ ከተሞሉት ዝርዝሮች በስንቱ ላይ ተገኘች የሚለውን ነው የሚያሳየው። ከቡራዩ እስከ ሰንዳፋ፣ ከሱሉልታ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ዙሪያ ገባ በጥቂት ሰዎች ለማየት ከዚህ የሚቀል አላውቅም። የአንድን ረግረግ ዕጣ ለመከታተል ግን ካሬው ሰፊ ነው፤ ረግረጉ ጠፍቶ ወፏ በሌላ ጥግ ብትገኝ ካሬው ምንም እንዳልሆነ ያሳያል።

የትኛው ለማን?

ለአንድ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ የምመክረው በጥር የአንድ ኩሬ ሙሉ ቆጠራና በዓመቱ ውስጥ የሚሞላ የስልክ ዝርዝር ነው፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ዘርፍ የሠራ በመሆኑ መጀመሪያ ከማኅበሩ ጋር መነጋገር ለክበቡ ድካም ይቀንስለታል። ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እንደ ወፎቹ መኖሪያ ዓይነት ነጥብ ወይም መስመር ከርቀት ምዝገባ ጋር ይሁን፤ ሁለቱን ዘዴዎች በአንድ ጥናት ውስጥ በተለያየ መኖሪያ ላይ ማፈራረቅ ውጤቱን እንዳይወዳደር ያደርገዋልና ከአንዱ ጋር መጽናት ይሻላል። ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከሠራተኛ ዝውውር የሚተርፍ ነገር ያስፈልገዋል፤ በአንድ ገጽ የተጻፈ መመሪያ፣ የነጥቦቹ የጂፒኤስ ቁጥርና ፎቶ፣ ከዚህም ጋር በእጅ የሚሞላ ቅጽ። የትኛውም ቢመረጥ ለመስክ የትብብር ደብዳቤ ይዞ መውጣት ግድ ነው። ገፈርሳና ለገዳዲ የከተማው የመጠጥ ውሃ ምንጮች በመሆናቸው ጥበቃ አላቸው፤ ቴሌስኮፕ ተክሎ በውሃ ግድብ ላይ የሚያነጣጥር ሰው ደግሞ መጠየቁ የሚጠበቅ ነው።

በከተማ ዳርቻ ለሚሠራ ሰው የሚቀረው ትልቁ ውሳኔ ነጥቡ ወይም መስመሩ ላይ ግንባታ ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ዛሬ የግጦሽ መሬት የሆነው ከሁለት ዓመት በኋላ የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ የፋብሪካ አጥር ወይም ሰፊ አስፋልት ሊሆን ይችላል። ቆጣሪዎች በዚህ ጊዜ በቅን ልቦና ነጥቡን ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ቀረው ሣር ያዛውራሉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ያደርጋሉ። እንዲህ የተዛወረ ቆጠራ የሣር ወፎቹ ምንም እንዳልቀነሱ ያሳያል፤ ምክንያቱም ቆጣሪው ሣሩን እየተከተለ ሄዷል። ስለዚህ ነጥቡ አይነቃነቅ። በግንባታው መሀል መቆም ከተቻለ ቆሞ መቁጠር፣ ወፍ ካልተገኘ 0 ብሎ መጻፍ ይገባል፤ ያ 0 ከሁሉም ቁጥሮች ይበልጥ የሚናገር ነው። አጥር ተደርጎ መግባት ካልተቻለ ግን 0 አይጻፍም፤ «መድረስ አልተቻለም» ተብሎ ምክንያቱና ቀኑ ይሰፍራል፣ ከአጥሩ ውጭ የቆሙበት ቦታ አዲስ ቁጥር ተሰጥቶት እንደ ሌላ ነጥብ ይጀመራል። ባዶ የተተወ ሣጥን 0 ይሁን ያልተቆጠረ ከዓመታት በኋላ ማንም ሊለየው ስለማይችል፣ ቅጹ ላይ ለሁለቱ የተለያየ ምልክት አስቀድሞ ይታተም።